ስንመታ የምትደክም ጠመንጃ

«ኬቭ ስቶሪ» የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ስጫወት ያዩ የዶርም ልጆች «ምኑ ነው ደስ የሚለው? ምስሉ እንኳ አይጠራም» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ምስሉ 320 በ240 ነጥብ ብቻ ነው። ጣዕሙ ያለው ግን ጠመንጃው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዝታው የጠፋበት ትንሽ ሮቦት ሆነን በዋሻ ውስጥ እየሮጥን፣ እየዘለልን እንተኩሳለን። የወደቀ ጠላት ቢጫ ሦስት ማዕዘኖች ይበትናል፤ እነሱን ስንለቅም ጠመንጃችን እስከ 3ኛ ደረጃ ያድጋል። እኛ ስንመታ ታዲያ ላይፋችን ብቻ ሳይሆን የጠመንጃውም ጉልበት ይቀንሳል። የተበተነው ደግሞ ቶሎ ካልተለቀመ ይጠፋል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ መተኮስ ብቻውን አያዋጣም። ጠጋ ማለት ግድ ነው፤ መጠጋት ደግሞ ያስመታል። እኔን የያዘኝ ይሄ ጭንቀት ነው።

ሙዚቃውን ጨምሮ ይህን ሁሉ የሠራው ዳይሱኬ አማያ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ ያውም ብቻውን! በትርፍ ጊዜው አምስት ዓመት ያህል ለፍቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በነጻ አወጣው። የሚሸጡት እትሞች በኋላ የመጡ ናቸው።

ከሁሉ የምወደው የመትረየሱን ፈተና ነው። 3ኛ ደረጃ የደረሰ መትረየስ ወደ ታች ሲተኮስ ሮቦቱን ወደ ላይ ያበርረዋል፤ ማን ይጠላል? ግን እሱን ለማግኘት የመጀመሪያዋን ደካማ ሽጉጥ በለውጥ መስጠት ያስፈልጋል። ለማንም ሳይሰጥ በእሷው የታገሰ ተጫዋች፣ በኋላ ወደ ሠሪዋ ሲመልሳት እጅግ በርትታ ትሰጠዋለች። ጌሙ ይህን አስቀድሞ አይናገርም፤ እኔም ሠሪው የት እንደሚገኝ አልናገርም።