ከግድብ በታች የሚቆም ቅጥር

የግድብ ጽናት የሚፈተነው ከፊቱ በተንጣለለው የውሃ ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ ከመሠረቱ በታች በኅቡእ በሚሾልከው ውሃ ጭምር መሆኑን፣ በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በከምበርላንድ ወንዝ ላይ የቆመው የዎልፍ ክሪክ ግድብ ታሪክ አጕልቶ ያስረዳል።

የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1941 ጀምረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት አቋርጠው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፈጸሙት ይህ ግድብ፣ ከፊሉ ኮንክሪት፣ ከፊሉም የተጠቀጠቀ አፈር ሲሆን፣ ከፍታው 79 ሜትር ያህል ነው። የተተከለበት ምድር ግን ውሃ በእልፍ አእላፍ ዘመናት ያሟሟው፣ ስንጥቁና ዋሻው በሸክላ አፈር የተሞላ የኖራ ድንጋይ ነው። በግድቡ የተጠራቀመው ሐይቅ በሞላ ጊዜ ግፊቱ ያንን ሸክላ አጥቦ ይወስዳል፤ ሸክላው በተወሰደ መጠን መንገዱ ይሰፋል፣ መንገዱም በሰፋ መጠን የውሃው ኃይል ይበረታል፤ በፍጻሜውም ከላይ ያለው አፈር የሚያርፍበትን ያጣል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በግድቡ ግርጌ ምድር ሰምጣ፣ ደፍራሽ ውሃም ሲወጣ በታየ ጊዜ፣ መሐንዲሶቹ አስቀድመው ቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ ወደ ስንጥቆቹ በግፊት አስገቡ፤ ከ1975 እስከ 1979 ድረስም የኮንክሪት ቅጥር ከመሬት በታች አቆሙ። ይሁን እንጂ ቅጥሩ በርዝመትም በጥልቀትም ስላልበቃ ውሃው ሌላ መንገድ አገኘ፤ ስለዚህም በ2007 የሐይቁ ከፍታ ዝቅ ተደርጎ ሁለተኛው ሥራ ተጀመረ።

የአሠራሩ ጥበብ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ዋሻዎቹ በሲሚንቶ ድብልቅ ይደፈናሉ፤ ቀጥሎ ስፋታቸው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ክብ ጕድጓዶች እየተራራቁ እስከ ጽኑዕ ዐለት ይቆፈራሉ፤ ኮንክሪቱም በቱቦ ወርዶ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ውሃውን ያስወጣል። ከዚህ በኋላ በመካከላቸው ያለው ስፍራ የሁለቱን ዓምዶች ጠርዝ እየቆረጠ ይቆፈራልና፣ ሁሉም ተያይዘው አንድ ቅጥር ይሆናሉ። ጥልቀቱ እስከ 84 ሜትር ስለሚደርስ፣ የመሰርሰሪያው ጥቂት መዛነፍ ከታች ክፍተት ይተዋል፤ በዚህም ምክንያት የእያንዳንዱ ጕድጓድ ቀጥተኛነት በብርቱ ጥንቃቄ ይለካል።

ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ይህ ቅጥር በ2013 ተፈጸመ፤ ወጪውም 594 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ገንዘቡ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር እስከ ናሽቪል ከተማ ድረስ የሚኖረው ሕዝብ ሕይወቱን ለግድቡ አደራ ሰጥቷልና፣ ያረጀን ሕንጻ በጊዜው መጠገን አዲስ ከመሥራት የማያንስ የመሐንዲስነት ግዴታ ነው።