ጽንስ ከእናቱ ዋንጫ ይጠጣል

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 እንደምናነበው፣ መልአክ ለማኑሄ ሚስት ተገልጦ ልጅ እንደምትወልድ ባበሠራት ጊዜ፣ የሚያሰክር መጠጥ ሁሉ እንዳትቀምስ አስጠንቅቋታል። ትእዛዙ የተሰጠው ሶምሶን ከማሕፀን ጀምሮ ለእግዚአብሔር የተለየ በመሆኑ ነው፤ ስለ ሕክምና የተነገረ አይደለም። ሆኖም የልጅ ጥበቃ ገና ሳይወለድ፣ ከእናቱ ማዕድ እንደሚጀምር ያስተምረናል።

የሕክምና ሊቃውንት ጉዳቱን ለይተው የጻፉት ግን በቅርብ ዘመን ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ ፖል ሌሟን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ መጠጥ ከሚያዘወትሩ ወላጆች የተወለዱ 127 ሕፃናትን ተመልክተው ተመሳሳይ ጉዳት እንዳገኙ አስታወቁ። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ያንኑ ምልክት በሌሎች ሕፃናት አይተው ለሕመሙ ስም አወጡለት።

የጉዳቱ መንገድ እንዲህ ነው። እናት የጠጣችው አልኮል ከደሟ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። የጽንሱ ጉበት ገና ያልጠና ስለ ሆነ አልኮሉን ፈጥኖ ሊያስወግድ አይችልም። አንጎልም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ እስከ መውለጃው ቀን ድረስ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከዘጠኙ ወር ውስጥ ከአደጋ ነጻ የሆነ ጊዜ የለም።

ክፉኛ የተጎዳው ሕፃን ትንሽ ሆኖ ይወለዳል፤ ራሱ ያንሳል፣ የዐይኑ መክፈቻ ያጥራል፣ የላይኛው ከንፈሩ ይሳሳል። ብዙዎቹ ግን በፊታቸው ላይ ምልክት የለባቸውም፤ ጉዳታቸው የሚታወቀው ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። የተነገራቸውን ይረሳሉ፣ ሒሳብ ይከብዳቸዋል፣ ትናንት የተቀጡበትን ጥፋት ዛሬ ይደግሙታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ነህ እያሉ መግረፍ፣ እግሩ የተሰበረውን ለምን አልሮጥህም ብሎ እንደ መምታት ነው። ጉዳቱ በመድኃኒት አይድንም፤ ነገር ግን ቶሎ ከታወቀና ወላጅና መምህር በትዕግሥት ከረዱት ልጁ ብዙ ሊሻሻል ይችላል።

በአገራችን ጠላ እንደ እህል ስለሚታይ ለነፍሰ ጡር መቅዳት ደግነት የሚመስላቸው አሉ። በጠላም ሆነ በጠጅ፣ በቢራም ሆነ በዐረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ግን አንድ ነው፤ የሚለያየው መጠኑ ብቻ ነው። «እኔ ጠጥቼ የወለድሁት ልጅ ምን ሆነ?» የምትል አያት ትኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የጠጣች ሁሉ የተጎዳ ልጅ አትወልድም። ነገር ግን የማን ልጅ እንደሚተርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ለጽንስ አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠንም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ ጥንቃቄው የነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳይሆን የባልም፣ የአማትም፣ የጋባዥም ነው። በክርስትናና በማኅበር ድግስ «አንድ ብቻ ቅመሺ» እያሉ ማስጨነቅ ይቅር፤ ያልፈላ ብርዝ ወይም አጥሚት ይቅረብላት። ሴት መፀነሷን ሳታውቅ ሳምንታት ስለሚያልፉ፣ ልጅ የምትሻ ሁሉ መጠጥን አስቀድማ ብትተው ይበጃታል። ሳታውቅ የጠጣችም በጸጸት አትጨነቅ፤ ከዛሬ ጀምራ መተዋ ልጇን ይጠቅመዋል። መጠጥ አብዝታ የለመደች ግን በድንገት ማቋረጥ አደጋ ስላለው በሐኪም ምክር ትተው።

ወላጆች ሆይ፣ በድግስ ላይ ሳይጠጣ የታለፈ ዋንጫ በማግሥቱ ይረሳል፤ በማሕፀን የተጎዳ አንጎል ግን ከልጁ ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል።