ምጥ ወይስ ቀዶ ሕክምና? የልብ ቫልቯ የጠበበ እናት ምርጫ

«ልቧ ደካማ ስለሆነ ምጥ አትችልም፤ በኦፕራሲዮን ትገላገል» የሚለው ምክር የልብ ሕመም ያለባት ሴት ባረገዘች ቁጥር ከዘመድም ከጎረቤትም ይሰማል። ምክሩ ርኅራኄ የተሞላበት ነው፤ ለጆሮም ይስማማል። ምጥ ሥራ ነው፣ ሥራ ልብን ያደክማል፣ እንግዲያው ምጥን ማስቀረት ልብን ማሳረፍ ነው የሚል ቀና አመክንዮ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ አመክንዮ በፊዚክስና በፊዚዮሎጂ ሚዛን ልንመዝነው ወደድን። ለምሳሌነት የመረጥነው በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየውንና ከሩማቲክ ትኩሳት በኋላ የሚመጣውን የማይትራል ቫልቭ መጥበብ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሕፃንነት ጉሮሮን ሲያጠቃ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ ጠላትና ወዳጁን መለየት ይሳነውና የገዛ ልቡን ይወጋል። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር የቫልቩ ሁለት ቅጠሎች ጠርዝ ለጠርዝ እየተጣበቁ፣ እየወፈሩና እየደረቁ ይሄዳሉ። (በብዙ አካባቢዎች ጉሮሮውን ያመመው ልጅ እንጥሉ ይቆረጣል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው።) ጉዳቱ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ይቆያል። ልጅቱ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ታገባለች፤ ከዚያም ታረግዛለች።

ማይትራል ቫልቭ ከሳንባ የመጣው ደም ከልብ ግራ የላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፍበት በር ነው። በጤናማ ሰው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ስፋቱ ከ1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ሐኪሞች ጥበቱን ከባድ ይሉታል። እርግዝና ደግሞ በዚህ በር ላይ የሚያልፈውን ጭነት ያበዛል፤ የእናቲቱ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ የልብ ምቷም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ከፍ ይላል። ብዙ ሴቶች የልብ ሕመም እንዳለባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት በእርግዝና ወቅት መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። የሚያሳዝነው ግን የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ ስለሚታዩ፣ «የእርግዝና ነው» ተብለው መታለፋቸው ነው።

ከዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሐኪሙ ሪቻርድ ጎርሊን ከመሐንዲስ አባቱ ጋር ሆኖ ያወጣው ቀመር በአንድ ጠባብ ቫልቭ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት ከግፊት ልዩነት ጋር ያያይዛል። ፍሬ ነገሩ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ የግፊት ልዩነቱ የሚያድገው በፍሰቱ ፍጥነት ካሬ ልክ ነው። ፍሰቱ በእጥፍ ቢጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለት ሴቶችን እናስብ። የአንደኛዋ ቫልቭ 4፣ የሁለተኛዋ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም ዐርፈው ሲቀመጡ ልባቸው በደቂቃ 75 ጊዜ ይመታል፣ 5 ሊትር ደምም ይረጫል። ቫልቩ በእያንዳንዱ ምት ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው እንበል፤ በደቂቃ ውስጥ ወደ 37 ሴኮንድ ገደማ መሆኑ ነው። በቀመሩ ስናሰላ የጤናማዋ የግፊት ልዩነት ከ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች፣ የታማሚዋ ደግሞ ወደ 12 ይመጣል። አሁን ምጥ ያዛቸው እንበል። ልባቸው በደቂቃ 120 ጊዜ ይመታል፣ 7 ሊትር ለመርጨትም ይጥራል። ልብ ሲፈጥን የሚያጥረው በዋነኛነት የሚሞላበት ጊዜ ስለሆነ፣ ቫልቩ በደቂቃ ክፍት የሚሆንበት ጠቅላላ ጊዜ ወደ 30 ሴኮንድ ዝቅ ይላል። የበለጠ ደም በአነሰ ጊዜ ማለፍ ሊኖርበት ነው። የጤናማዋ ግፊት ቢያድግ ከ2.5 አይበልጥም። የታማሚዋ ግን ወደ 38 ይወጣል።

ስሌታችን ግምታዊ ቢሆንም የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ከቫልቩ በስተኋላ የሚጠራቀመው ግፊት የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነው፤ በሳንባ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስና ሲያልፍ ፈሳሽ ወደ ሳንባ መስረግ ይጀምራል። ታማሚዋ 7 ሊትሩን መርጨት ሳትችል በገዛ ሳንባዋ ውስጥ መስጠም ትጀምራለች።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የኦፕራሲዮን ደጋፊዎችን የሚያጠናክር ይመስላል። በእርግጥም ማኅፀን በተኮማተረ ቁጥር ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ደም ወደ እናቲቱ የደም ዝውውር ይገፋል፤ ሕመሙና ፍርሃቱም የልብ ምትን ያፈጥናሉ። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናም የራሱን ዕዳ ያስከፍላል። በምጥ ስትወልድ አንዲት እናት ግማሽ ሊትር ያህል ደም ብታጣ፣ በቀዶ ሕክምና ግን መጠኑ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። ከወገብ በታች የሚሰጠው ማደንዘዣ የደም ሥሮችን በድንገት በማስፋት የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ጤናማ ልብ ይህን የሚያካክሰው ቶሎ ቶሎ እየመታ ብዙ ደም በመርጨት ነው፤ የጠበበው ቫልቭ ግን ይህን አይፈቅድም። የቁስል ማመርቀዝና በእግር ሥር ውስጥ ደም መርጋትም ይጨመሩበታል። ከሁሉም በላይ ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ማኅፀን ሲጨመቅ ወደ ልብ የሚመለሰው የደም ማዕበል በየትኛውም መንገድ ብትወልድ አይቀርም። ቀዶ ሕክምናው ምጡን ያስቀራል እንጂ ማዕበሉን አያስቀርም።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። የልብ ሕመም ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ከብዙ አገሮች በአንድ መዝገብ የሚከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ሮፓክ፣ አስቀድሞ የታቀደ ቀዶ ሕክምና ከታቀደ የምጥ ወሊድ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያም ለአብዛኞቹ የልብ ሕሙማን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ ያስቀመጠው በምጥ መውለድን ነው።

እርግጥ እንዲህ ላለች እናት የሚታቀደው ምጥ እንደ ማንኛውም ምጥ አይደለም። በግራ ጎኗ ወይም ከወገቧ ቀና ብላ ትተኛለች። ሕመሙ በኤፒዱራል ማደንዘዣ ቀስ በቀስ እንዲደነዝዝ ይደረጋል፤ ሕመም ሲቀንስ ምቱም ይረጋል፣ ምቱ ሲረጋ ቫልቩ ጊዜ ያገኛል። የልብ ምትን የሚያቀዘቅዙ መድኃኒቶችም አይቋረጡም። በመጨረሻው ሰዓት «ግፊ! ግፊ!» አይባልም፤ የልጁ ራስ በማኅፀን ኃይል ብቻ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ሐኪሙ በቫኩም ወይም በፎርሴፕስ ስቦ ያወጣዋል። ምርጫው ምጥ ወይስ ቢላ ተብሎ መቅረቡን የማንወደው ስለዚህ ነው፤ በመካከሉ የተገራ ምጥ የሚባል ሦስተኛ መንገድ አለና።

ቀዶ ሕክምና የሚቀድምባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላት እናት የምትወስደው ዋርፋሪን የእንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱንም ደም ያቀጥናል። መድኃኒቱን ሳታቆም ምጥ ቢይዛት፣ በጠባቡ መንገድ የሚያልፈው ሕፃን አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ስለሚችል በቀዶ ሕክምና መገላገሏ ይመረጣል። በ36ኛው ሳምንት ገደማ ወደ ሄፓሪን የምትዛወረውም ለዚህ ነው፤ ሄፓሪን የእንግዴ ልጁን አያልፍም። ሳንባዋ ውኃ ቋጥሮ በመድኃኒት አልረጋ ያላት፣ ወይም የፅንሱ ሁኔታ ያስገደዳት እናትም እንዲሁ።

ምርጫውን ከሥሩ የሚለውጥ ሌላም ነገር አለ። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኑዌ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው ዘዴ በብሽሽት የደም ሥር በኩል ፊኛ አስገብቶ የተጣበቀውን ቫልቭ ይለጥጣል፤ በመድኃኒት እፎይታ ላጣች ነፍሰ ጡር ከአምስተኛው ወር በኋላ ሊሠራላት ይችላል። የቫልቯ ስፋት ከ1 ወደ 1.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢያድግ፣ በላይኛው ስሌት 38 የነበረው ግፊት ወደ 12 ይወርዳል። አንባብያን ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

በአገራችን ግን ለምጥ የሚሰጥ ኤፒዱራል በብዙ ሆስፒታሎች በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ የልብ አልትራሳውንድ ያለባቸው ከተሞችም ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት «በምን ልውለድ?» ከሚለው በፊት «የት ልውለድ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። መልሱም በዘጠነኛው ወር ሳይሆን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሊታወቅ ይገባል፤ መንገድ፣ ማደሪያና ገንዘብ የሚጠይቅ ነውና። ውሳኔው ላይ ባልና አማት ብዙ ሲናገሩ እናያለን። ቀድሞ ሊነገራትና ቀድማ ልትናገር የሚገባት ግን ሳንባውም ማኅፀኑም የእርሷ የሆነው ሴት ናት።

ልጁ ተወልዶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲባል ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ ሐኪሙ ግን ገና አይልም። ያ ያልነው የደም ማዕበል የሚመጣው ያኔ ነው፤ በእርግዝና ወራት በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው ፈሳሽም በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ደም ሥር ይመለሳል። ስለሆነም እናቲቱ ቢያንስ ከ24 እስከ 72 ሰዓት በቅርብ ክትትል ሥር ትቆያለች። ወደ ቤቷ ከገባች በኋላም ጋደም ስትል የሚያፍናት፣ ሌሊት ቁጭ ብላ የምታድር፣ አረፋ የቀላቀለ ሳል የሚያስላት አራስ «ብርድ መታት» ተብላ በጋቢ ልትሸፈን አይገባም። በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።