የኪያር አበባ ጾታ ከችግኝ ቅጠል ሲነበብ

ኪያር በአብዛኛው በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበቦችን ለየብቻ የሚያወጣ አትክልት ሲሆን፣ ፍሬ የሚይዙት ሴቴዎቹ ብቻ በመሆናቸው የአበባው ጾታ ከምርቱ መጠን ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው። በዚህም ምክንያት ዝርያ አሻሻዮች ሴቴ አበባ ብቻ የሚያወጡ ተክሎችን ሲሹ ቆይተው፣ የአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ባሕርይ ከኮሪያ ከመጣ ዘር በማውረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ኤምኤስዩ 713-5 የተባለውን ወላጅ ዘር ለአዳቃዮች አቅርቧል።

ከባሕርዩ ጀርባ ያለው ኤቲሊን፣ ማለትም ሙዝንና ቲማቲምን የሚያበስለው ጋዛማ ሆርሞን ነው። ኤፍ በተባለው የዘረመል ሥፍራ 30 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ያሉት ቁራጭ ተደግሞ ሲገኝ፣ ኤቲሊን ለማምረት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ስለሚያገኝ ተክሉ ወደ ሴቴነት ያደላል። ኤም የተባለው ሌላ ዘረመል ደግሞ በሴቴ አበባ ውስጥ የወንዴ አካል እንዳያድግ ሲያግድ፣ በውስጡ አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ እገዳው ይነሣና አበባው ሁለቱንም ጾታ አጣምሮ ይይዛል፤ ፍሬውም ብዙ ጊዜ አጥሮ ይከብባል።

የዘረመል ጠቋሚ እንዲህ ያለውን ልዩነት በቤተ ሙከራ ለይቶ የሚያሳይ የዲኤንኤ ምልክት ነው። ከለጋ ችግኝ በተቆረጠች ትንሽ ቅጠል ውስጥ ያለው የዲኤንኤ ተፈላጊ ክፍል ፒሲአር በተባለው ዘዴ ተባዝቶ ሲመረመር፣ አሻሻዩ አበባ እስኪወጣ ሳይጠብቅ ተክሉን መምረጥ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ የተለወጠውን የኤም ቅጂ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ተክል በአበባው ከጤነኛው ስለማይለይ፣ የተሸሸገውን ውርስ በመጀመሪያው ትውልድ የሚገልጠው ጠቋሚው ነው። በኤፍ ግን የድግግሞሹን መጋጠሚያ የሚፈልግ ጠቋሚ የሚናገረው መኖሩን ብቻ በመሆኑ፣ ባሕርዩ ከአንድ ወይስ ከሁለት ወላጅ እንደተወረሰ ለማወቅ የቅጂዎቹን ብዛት መለካት ያስፈልጋል።

ሴቴ አበባ ብቻ ያለውን ዘር ለማራባት፣ የኤቲሊንን ሥራ የሚያግድ የብር ውሁድ ተረጭቶ ወንዴ አበባ እንዲያወጣ ይደረጋል። ረጅም ቀንና ከፍተኛ ሙቀትም ወንዴ አበቦችን ሊያበዙ ስለሚችሉ፣ በጠቋሚ የተመረጠው ዘር በሚዘራበት አካባቢ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት፤ የጠቋሚው ትልቁ ጥቅም ለዚህ ፈተና የማይበቁትን ችግኞች አስቀድሞ በመለየት መሬት፣ ውኃና ጉልበት ተስፋ ላላቸው ብቻ እንዲውሉ ማስቻሉ ነው።