ካርታ ይዞ ወደ ሠዓሊው ደጅ

ደምፍሪስና ጋሎዌይ ከሰው ይልቅ በግና ከብት የሚበዛበት የደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው «ስፕሪንግ ፍሊንግ» ግን፣ ሜይ መገባደጃ ላይ ለሦስት ቀናት ሠዓሊያንና ሸክላ ሠሪዎች የስቱዲዮዎቻቸውን በር ይከፍታሉ። ጎብኚው ካርታ ይዞ ከመንደር መንደር ይጓዛል፤ ቀለሙ ገና ካልደረቀ ሥዕል ፊት ቆሞ ከባለሙያው ጋር ያወራል። መግቢያ አይከፈልም።

አካባቢው ለሥነ ጥበብ አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ኤድዋርድ ሆርኔል በኪርኩብሪ ከተማ የኖረበት ብሮተን ሀውስ ዛሬም ይጎበኛል።

ለተመልካች ነጻ የሆነው ለአዘጋጅ ወጪ አለው። ካርታ ይታተማል፣ የመንገድ ምልክት ይተከላል፣ ማስታወቂያ ይሠራል። እንዲህ ባሉ የገጠር ዝግጅቶች ከተሳታፊዎች መዋጮ የሚጎድለውን ብዙ ጊዜ የሚሞላው የአካባቢው ነጋዴ ነው፦ ሆቴል፣ ቤት አሻሻጭ፣ ፍሬም ሠሪ። በምላሹ ስሙ ካርታው ላይ ይወጣል። ከሁሉም ስሌቱ የሚገባው ፍሬም ሠሪው ሳይሆን አይቀርም፤ የተሸጠ ሥዕል መልሶ ወደ እሱ ይመጣልና! ጥሬ ገንዘብ የሌለው ካፌ ደግሞ ካርታውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ መንገድ የጠየቀ እንግዳ ቡና ሳያዝዝ አይወጣም።

ስፖንሰሩ እጁን መሰብሰብ ያለበት ማን ይሳተፍ በሚለው ላይ ነው። በስፕሪንግ ፍሊንግ ቦታ የሚገኘው በሥራ ጥራት ተመርጦ ነው።