የት የሚዘራ ነው?

አንድ ደንበኛ በፌስታል የጠቀለለውን የኮምፒውተር ራም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ይኸው፣ ትልቁን ነው ያስገዛሁት» አለኝ። ወልድያ ወዳለው ሱቄ የመጣው ከሲሪንቃ ነው። የማሽላ ሙከራ መረጃውን የሚሠራበት የግል ዴስክቶፕ አለው፤ አንድ የኤክሴል ፋይል እስኪከፍት አንደኛው ቡና ወርዶ ይጠጣል። ዘመዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከለት ባለ8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ነው፤ ፍጥነቱ 2400። ዕቃው እንከን የለውም። ማሽኑ የሚቀበለው ግን ዲዲአር3 ነው።

አዲሱን ከድሮው ጎን አስቀመጥኩለት። እግሩ ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያል፤ የዲዲአር4 እግር ደግሞ መሃሉ ላይ ትንሽ ወደ ታች ያበጠ ነው። ቁርጧ የተሠራችው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ዲዲአር2 1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 1.5፣ ዲዲአር4 1.2 ነው የሚፈልጉት፤ አንዱ በሌላው ስሎት እንዳይገባ ትከለክላለች። በጉልበት የሚገፋ ስሎቱን ሰብሮ ያርፋል። (ያደረገውን ሰው አውቃለሁ። ዛሬ ጎበዝ ባለሙያ ስለሆነ ስም አልጠራም።)

«ሻጩ ፈጣን ነው ብሏል እኮ!» አለ ተቆጥቶ።

«አብሽር» አልኩት፤ «እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደጋሊት ጥሩ ማሽላ ነው?»

«የት? መቼ የሚዘራ?» አለ ሳያስብ። ከዚያ ራሱ ሳቀ። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጣለ ደጋሊትም ጅጉርቲም ይዘራል፤ ዝናቡ ከዘገየ ግን ቶሎ የሚደርስ ዘር መፈለግ ግድ ነው። ይህን ለሲሪንቃ ገበሬ ማንም አያስተምረውም። ራም ስንገዛ ግን ዘሩን ብቻ ጠይቀን፣ ስለ መሬቱ ሳንጠይቅ እንመለሳለን።

መርካቶ ዳር የሚኖር ሰው ቢሳሳት ከምሳ በፊት ሄዶ ይቀይራል። ከሲሪንቃ አዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛትም ለብዙው ሰው የሚታሰብ አይደለም። በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ሲያልፍ ብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን አጥቷል፤ የተረፈችው አሮጌ ማሽን ዛሬም እንጀራ ታበላለች።

ማሽኑን ከፈትኩት። ማዘርቦርዱ ጂ41 ቺፕሴት ያለው፣ ሁለት ስሎት፣ አንዱ ላይ ባለ2 ጊጋባይት ራም። ተለጣፊው ላይ 10600 የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ይህን ፍጥነት ይመስለዋል፤ ፍጥነቱ 1333 ነው፣ በ8 ሲባዛ በሴኮንድ የሚያልፈውን ሜጋባይት በግምት ይሰጣል። 12800 የሚለውም በዚሁ ስሌት 1600 ነው። አንድ ደንበኛዬ ደግሞ 1600 ብሎ የገዛውን አንድ ፕሮግራም 800 ብሎ ስላሳየው «ግማሹን በላኝ» ብሎ ሻጩን ሊከስ ተነስቶ ነበር። አልተበላም። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ነው የሚያስተላልፈው፤ ፕሮግራሙ የቆጠረው ምቱን ብቻ ነው።

ለዚህ ማሽን ግን 1333ም ሆነ 1600 ለውጥ የለውም። ጂ41 በደንቡ የሚሄደው በ1066 ነው፤ ከዚያ የፈጠነውን ወደራሱ እርምጃ ያወርደዋል። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲቀመጡም በዘገምተኛው እርምጃ ይሄዳሉ። ስለዚህ ምክሬ ሁሌም አንድ ነው፤ ብሩ ለመጠኑ ይውጣ እንጂ ለፍጥነቱ አይውጣ። ከ2 ወደ 6 ጊጋባይት የወጣ ሰው ልዩነቱን በዚያው ቀን ያየዋል። ከ1333 ወደ 1600 የወጣውን በዓይኑ ያየ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

የጂ41 ሌላ አመሉ ቺፕ ማማረጡ ነው። ባለ4 ጊጋባይት ራም ስምንት ጥቋቁር ቺፖች ብቻ ካሉት አያውቀውም፤ አስራ ስድስት ከሆኑ፣ ስምንት በዚህ ስምንት በዚያ ገጽ፣ ይቀበለዋል። ሁለቱም ላይ የተጻፈው መጠንና ፍጥነት ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከመግዛት በፊት ገልብጣችሁ ቁጠሩ የምለው፤ ሻጭ ሊስቅባችሁ ይችላል። በላፕቶፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዲዲአር3 ከሚቀበሉት ቀጠን ያሉት ብዙዎቹ ባለ1.35 ቮልቱ ዲዲአር3ኤል ካልሆነ አይነሱም።

መሳቢያዬ ውስጥ ከሞቱ ማሽኖች የነቀልኳቸው ራሞች አሉ። አስራ ስድስት ቺፕ ያለው ባለ4 ጊጋባይት አገኘሁ። እግሩን በላጲስ አሸሁት፣ ብናኙን እፍ አልኩ፣ ሁለቱ ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ማሽኑ አንዴ ጢጥ ብሎ ተነሳ።

ሰውዬው ስክሪኑን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ከ6 ጊጋባይቱ የሚሠራው 3.2 ብቻ ነው ይላል። ዊንዶውሱ ባለ32 ቢት ነበር፤ ይኸኛው ከ4 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ፋይሎቹን በፍላሽ አውጥተን ባለ64 ቢቱን ስንጭን መሸ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠው፣ ወልድያ አደረ።

ዲዲአር4ቱ እኔ ጋ ቀርቷል። የሚሆነው ማሽን ያለው ሰው ከመጣ ይሸጥልኝ ብሎ ነው የሄደው፤ የሚመጣው ሰው ግን የድሮ ራሙን ነቅሎ ይዞ ይምጣ።