ሮጦ የወደቀ ወጣት ካለ ቤተሰቡም ይመርመር

ራያ ቆላ ውስጥ ጤነኛ ጎረምሳ ኳስ ሲጫወት ወይም ከብት ሲያባርር ድንገት ቢወድቅ፣ መጀመሪያ የሚሰማው «ምች መትቶት ነው» የሚል ነው። በቆቦ ፀሐይ እንዲህ ቢታሰብ አይደንቅም። እኔ በዚህ ከተማ ጤና መኮንን ሆኜ የምሠራ ነኝና ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ከዘመዶቹ በአጭር የተቀጨ አለ?» አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩና «አጎቱም አውድማ ላይ፣ ማሽላ ሲወቃ ነው የቀረው» አሉኝ። እንዲህ ያለው መልስ ሐሳቤን ወደ ልብ ጡንቻ ይወስደዋል።

የልብን ጡንቻ የሚያኮማትረው ማዮሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ጭንቅላቱ አክቲን የተባለውን ክር ይይዛል፣ አንገቱ ሲታጠፍ ክሩን ይስባል። በዚያ ቀጭን አንገት ዙሪያ ሁለት ትናንሽ ፕሮቲኖች ተጠምጥመዋል፤ የማዮሲን ቀላል ሰንሰለቶች ይባላሉ። ሥራቸው ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር እንደሚያስረው ምራን ነው፤ ምራኑ ከላላ በሬዎቹ ቢጎትቱም ጉልበታቸው ማረሻው ዘንድ አይደርስም። ከሁለቱ አንዱ ተቆጣጣሪ ነው፤ ፎስፌት ሲጣበቅበት ልብ በርትቶ ይኮማተራል። በደከመ ልብ ውስጥ ይህ ፎስፌት ቀንሶ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎች የአንዱ ወይም የሌላው ሰንሰለት ዘረመል የተዛባባቸውን ቤተሰቦች አገኙ። የልባቸው ግድግዳ ያለ ደም ግፊት ወፍሮ ነበር። በሌላው ዓለም በተደረገ ጥናት ይህ የልብ መወፈር ከ500 ሰው አንዱን ገደማ ይነካል። እርግጥ መነሻው በአብዛኛው ሌሎቹ የማዮሲን ክፍሎችና አጋሮቹ ናቸው፤ የቀላል ሰንሰለቶቹ ድርሻ ትንሽ ነው። ለቤተሰብ ግን መዘዙ አንድ ነው፦ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የልብ ምት ሊዛባና ወጣቱ በሩጫ መሃል ሊወድቅ ይችላል።

በአገራችን የልብ ሕመም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለውን የልብ በር ጉዳት ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለሕፃናት ልብ ሕሙማን የደከሙትም ለዚሁ ጭምር ነው። ተገቢ ነው፤ እሱ ይበዛል። ነገር ግን የጡንቻው ሕመም በዚያ ጥላ ሥር ሲረሳ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሕክምና አለው። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የማዮሲንን ከልክ ያለፈ መሳብ የሚቀንስ ማቫካምቴን የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ለእኛ ገበሬ ግን ገና ሩቅ ነው።

ቅርብ ያለው ምርመራው ነው። ከቤታችሁ ወጣት ሲሮጥ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ድንገት ከቀረ፣ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና ልጆቹ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሡ፤ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሄደውም የልብ አልትራሳውንድ ይታዩ። ሐዘን ላይ ናችሁና ይከብዳል፤ ቢሆንም ከተስካሩ በፊት ሂዱ።